ነፃ ምሳ በማን ገንዘብ? የኮሎራዶ የትምህርት ቤት ምገባ ከ2022 እስከ 2025

በኖቬምበር 2022 የኮሎራዶ ሕዝብ የትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ለሁሉም ተማሪ በነፃ ይሁን ብሎ ወሰነ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ በዚያው ጉዳይ እንደገና ድምፅ ስጥ ተባለ። በመካከሉ ባሉት ሦስት ዓመታት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንዳነሰና እንዴት እንደተሞላ ነው ላወራችሁ የፈለግኩት። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖረው ሐበሻ ብዙ ነው። ልጆቻችንም የሚበሉት ከዚሁ ትሪ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት ምሳ ድጎማ የቆየ ነገር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከ1946 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች ይከፍላል። ግን ልጆቹን በሦስት ይመድባቸዋል። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት ወለሉ 130 በመቶ ያልበለጠ ልጅ በነፃ ይበላል። እስከ 185 በመቶ ያለው በቅናሽ ይበላል። ከዚያ በላይ የሆነው ይከፍላል። በ2022–23 የትምህርት ዘመን አራት ሰው ላለው ቤተሰብ የነፃው ጣሪያ በዓመት 36,075 ዶላር ነበር። የቅናሹ ደግሞ 51,338 ዶላር።

ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደ አንድ የኛ ሰው ቤት ግቡ። አባት ኤርፖርት ይሠራል። እናት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት ትገባለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ተጋግዘው በዓመት 54 ሺህ ዶላር ቢያገኙ የሚመደቡት ከከፋዮቹ ጋር ነው። የዴንቨርን የቤት ኪራይ፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የሚላከውን ማንም አይቀንስላቸውም። ምሳው ለአንድ ልጅ ሦስት ዶላር ነው ብንል፣ ለሁለቱ በዓመት ከአንድ ሺህ ዶላር ያልፋል። ቁርሱን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ካልከፈሉ ዕዳው በልጁ ስም ይጠራቀማል። በ2019 ሮድ አይላንድ ውስጥ ያለችው የዋሪክ ከተማ ትምህርት ቤቶች የምሳ ዕዳ ላለበት ልጅ ቀዝቃዛ ሳንድዊች ብቻ ይሰጠው ብለው ነበር። አገር ሲጮህባቸው ሐሳባቸውን ለወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ስቴቶች በተለያየ መልኩ ታይቷል። ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ማን ምን እንደተሰጠው ያያል። ያፈረ ልጅ ደግሞ «አልራበኝም» ብሎ ሰልፉን ትቶ ይሄዳል። እናቱም ማታ ካልጠየቀችው አታውቅም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ከማርች 2020 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ደንቡን አላልቶ ምግቡ ለሁሉም ልጅ በነፃ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነ። ፎርም የለም፣ ሂሳብ የለም፣ ዕዳ የለም። በ2022 አጋማሽ ላይ ኮንግረሱ ፈቃዱን ሳያድሰው ቀረ። ትምህርት ሲከፈት ወላጆች እንደገና ክፈሉ ተባሉ። ካሊፎርኒያና ሜይን በራሳቸው ገንዘብ ነፃ ምግቡን ለማስቀጠል ቀድመው ወስነው ነበር። ኮሎራዶም በዚያ መንገድ ልሂድ አለች።

እዚህ ላይ ግን የኮሎራዶ ልዩ ጣጣ ይመጣል። በ1992 ሕዝቡ ቴቦር የሚባል ድንጋጌ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብቷል። በዚህ ድንጋጌ የስቴቱ ምክር ቤት በራሱ ውሳኔ ግብር መጨመር አይችልም። ለአንድ ዶላር ጭማሪ እንኳ ሕዝቡን መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ምክር ቤቱ በ2022 ሕጉን አርቅቆ፣ ፕሮፖዚሽን ኤፍኤፍ በሚል ስም ለመራጩ አቀረበው።

የዚያን ጊዜው አከፋፈል እንዲህ ነበር። ሰው ግብር ሲያሰላ ከገቢው ላይ የሚቀነስለት መጠን አለ። ኤፍኤፍ የነካው የዓመት ገቢያቸው 300 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ነው። ለነዚህ ሰዎች በስቴቱ ግብር ላይ የሚቀነሰው ከ12 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ። ለባለትዳሮች 16 ሺህ ሆነ። ለምሳሌ ቀድሞ 30 ሺህ ይቀነስላቸው የነበሩ ባልና ሚስት ከዚያ ወዲህ በ14 ሺህ ዶላር ላይ ተጨማሪ ግብር የሚከፍሉ ሆኑ። የስቴቱ ግብር 4.4 በመቶ ሲሆን ይህ በዓመት 616 ዶላር ነው። ሦስት መቶ ሺህ ለሚያገኝ ቤት ብዙ ነው አልልም። የጠቅላላው ግምት በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከመራጮቹ 57 በመቶ የሚሆኑት እሺ አሉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ የሁሉንም ሰው የገቢ ግብር ከ4.55 ወደ 4.4 በመቶ ዝቅ አድርገዋል። ስለዚህ ውጤቱን አይቶ የኮሎራዶ ሕዝብ ግብር ይወዳል ማለት አይቻልም። ለዚህ ጉዳይ ሲል ነው ከልማዱ የወጣው።

ፕሮግራሙ በኦገስት 2023 ተጀመረ። መግባት በየዲስትሪክቱ (በየአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ፈቃድ ቢሆንም ከሞላ ጎደል ሁሉም ገቡ። ልጆቹም በሉ። ከፊተኛው ዓመት ጋር ሲተያይ ቁርስም ምሳም የሚበላው ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። በጀቱን የሠሩት ሰዎች ይህን ያህል አልጠበቁም ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ ፊት የቀረበው ስሌት የሁለቱን ዓመት ጉድለት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ አሳየ።

ጋዜጦቹ «ፕሮግራሙ ከበጀት በላይ ወጣ» ብለው ጻፉ። እውነት ነው፣ ወጥቷል። ግን የወጣው ልጆች ስለበሉ ነው። ገንዘቡን የበላው የቢሮ ወጪ ወይም ሌላ ብክነት አይደለም። ቀድሞ ሳይበሉ የሚውሉ ልጆች ነበሩ፣ ቆጠራው ውስጥም አልነበሩም። በሩ ሲከፈት መጡ። ለልጅ የሚታቀድ በጀት «አሁን ስንት ይበላል» ብሎ ብቻ ከተሠራ ሁሌም ያጥራል። መጠየቅ ያለበት «ባያፍርና ባይከፍል ስንት ይበላ ነበር» የሚለው ነው። የኮቪድ ሁለት ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ትተው ነበር።

ሁለተኛው የጉድለቱ ምክንያት ብዙ ወላጅ አያውቀውም። እኛን በቀጥታ ስለሚነካ ጠጋ ብለን እንየው። በ2023–24 የፌዴራሉ መንግሥት በነፃ ምድብ ላለ ልጅ ለአንድ ምሳ መነሻው 4.25 ዶላር ይከፍል ነበር። በቅናሽ ምድብ ላለው 3.85። ከፋይ ለሚባለው ግን 40 ሳንቲም ብቻ። ኮሎራዶ ለሁሉም ነፃ ነው ስትል ልዩነቱን እኔ እሞላለሁ ማለቷ ነው። ለአንድ «ከፋይ» ልጅ የስቴቱ ድርሻ በምሳ 3.85 ዶላር ይሆናል። በ170 የትምህርት ቀናት አስሉት፤ በአንድ ልጅ ምሳ ብቻ ከ650 ዶላር በላይ ነው።

አሁን አንድ ወላጅ አስቡ። ገቢዋ ዝቅተኛ ነው፣ ልጇ በነፃ ምድብ ይገባ ነበር። ነገር ግን ምግቡ ለሁሉም ነፃ ሆኗል ሲሏት የገቢ ፎርሙን መሙላት ተወች። ምን ያደርግልኛል አለች። ማንም አይፈርድባትም። ልጁም ሳይጎድልበት ይበላል። ሆኖም ፎርሙ ካልተሞላና ልጁ በሌላ መንገድ ካልተለየ ፌዴራሉ እንደ ከፋይ ይቆጥረዋል። ዋሽንግተን መክፈል የነበረባት 3.85 ዶላር ኮሎራዶ ላይ ይወድቃል። ይህን በሺህ በሚቆጠሩ ቤተሰቦች አባዙት። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም፤ ችግረኛ ተማሪ ለሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ስቴቱ የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብም ከዚሁ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው።

ፎርም የማይፈለግባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። ፉድ ስታምፕ (ስናፕ የሚባለውን የፌዴራል የምግብ ድጎማ) በሚያገኙ ቤተሰቦች ያሉ ልጆች፣ በአሳዳጊ ቤት ያሉና ቤት አልባ የሆኑ ልጆች ከመዝገብ በቀጥታ ይለያሉ። የነዚህ ቁጥር ከተማሪው 25 በመቶ ከደረሰ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም በነፃ አበላለሁ ማለት ይችላል። ፌዴራሉ ያንን መቶኛ በ1.6 አባዝቶ በነፃው ዋጋ ይከፍለዋል። 500 ተማሪ ካለው ትምህርት ቤት 200ው እንዲህ ከተለዩ 40 በመቶ ነው፤ ሲባዛ 64 ይሆናል። ከመቶ ምሳ 64ቱ ሙሉ ይከፈልበታል፣ ለ36ቱ ስቴቱ ይሞላል። ጉድለቱ ከታየ በኋላ ኮሎራዶ ትምህርት ቤቶች ወደዚህ መንገድ እንዲገቡ መገፋፋት ጀመረች። ብልህ እርምጃ ነው፤ ከመጀመሪያው ቢሆን ይሻል ነበር።

ጉድለቱ ሲመጣ ገንዘቡ የተቆረጠው ከማን ላይ ነው? ከልጆቹ አልተቆረጠም። ምክር ቤቱ ከሌላ የበጀት ኪስ እየወሰደ ምግቡን አስቀጠለ። ግን ኤፍኤፍ ከምግቡ ሌላ ሦስት ነገር ቃል ገብቶ ነበር። ለወጥ ቤት ሠራተኞች የደመወዝ ድጎማ፣ ከኮሎራዶ ገበሬዎች ለሚገዛ ምግብ የሚውል ገንዘብ፣ ለማእድ ቤቶች የሚሆን ሥልጠናና እገዛ። እነዚህ በ2024–25 ሊጀመሩ ነበር። ሁሉም ተገፉ።

ይህ ነው እኔን ያንገበገበኝ። ሠላሳ በመቶ ተጨማሪ ምግብ ማለት ሠላሳ በመቶ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሰልፉ ረዘመ፣ የሚታጠበው ትሪ በዛ። ካፍቴሪያ የሚሠሩት ሴቶች፣ ከኛም መካከል ብዙዎች አሉበት፣ ጠዋት ልጆች ሳይመጡ ገብተው ቁርስ ያደርሳሉ። ብዙዎቹ በሰዓት የሚከፈላቸው ናቸው፣ በጋ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ክፍያው ይቆማል። ለነሱ ተብሎ በድምፅ የጸደቀ ገንዘብ መጀመሪያ የሚቆረጥ መሆን አልነበረበትም።

ወደ ቴቦር ልመለስ። ድንጋጌው ሌላም አንቀጽ አለው። ለሕዝብ ከቀረበው ግምት በላይ ገንዘብ ከተሰበሰበ ትርፉ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል። ስቴቱ ማስቀረት ከፈለገ ሕዝቡን እንደገና ማስፈቀድ አለበት። ከኤፍኤፍ የተሰበሰበው ከግምቱ 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል በልጦ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ ፕሮግራሙ በአሥር ሚሊዮኖች ጎድሎታል፣ ለዚሁ ፕሮግራም የተሰበሰበ 11 ሚሊዮን ዶላር ግን ተቀምጧል፣ ሊነካ አይችልም። ከነወለዱ 12.4 ሚሊዮን ደረሰ።

ስለዚህ በ2025 ሁለት ጥያቄ ወጣ። ፕሮፖዚሽን ኤልኤል ያንን 12.4 ሚሊዮን ስቴቱ ያስቀረው ወይ የሚል ነበር። ፕሮፖዚሽን ኤምኤም ከበድ ይላል። እነዚያው ከ300 ሺህ በላይ የሚያገኙ ሰዎች ከገቢያቸው የሚቀነስላቸው ወደ 1 ሺህ ዶላር፣ ለባለትዳር ወደ 2 ሺህ ይውረድ አለ። በአማካይ በዓመት 486 ዶላር ጭማሪ ይደርስባቸዋል ተብሎ ተገመተ። በድምሩ እስከ 95 ሚሊዮን ዶላር። ካላለፈ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ መሆኑ ቀርቶ፣ ችግረኛ ልጆች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ይቀጥሉ ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር መደመጥ ያለበት ነው። የዶክተርና የጠበቃ ልጅ ምሳ ለምን በሕዝብ ገንዘብ ይከፈላል ይላሉ። ያጣ ይረዳ፣ ያለው ይክፈል። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ ብዙ ሐበሻም እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ግን ያጣውን ካለው ለመለየት ፎርም ያስፈልጋል፣ ፎርም ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው እንግሊዝኛ የሚያስቸግረውን፣ ወረቀት የሚያስፈራውን፣ ሁለት ሥራ የሚሮጠውን ወላጅ ነው። ከመስመሩ በሁለት ሺህ ዶላር ከፍ ያለው ቤተሰብም አለ። ሀብታሙ ደግሞ በዚህ አሠራር የልጁን ምሳ በግብሩ ከፍሏል፤ የሌሎችንም ጨምሮ። እኔ ለሁሉም መሆኑን እደግፋለሁ። የሒሳብ መምህሩን ወይም ቤተ መጻሕፍቱን በገቢ ለይተን ለልጅ አንሰጥም፣ ምሳውም የትምህርት ቀኑ አካል ነው።

አዲስ አበባም በራሷ መንገድ በዚህ አልፋለች። መጀመሪያ «የእናት ወግ» የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር የተወሰኑ ችግረኛ ተማሪዎችን ይመግብ ነበር። በ2019 የከተማው አስተዳደር በራሱ በጀት 300 ሺህ ገደማ ተማሪዎችን መመገብ ጀመረ። ምግቡን የሚያበስሉት ተደራጅተው ሥራ ያገኙ እናቶች ናቸው። ከበጎ አድራጎት ወደ መንግሥት በጀት መሻገሩ ትልቁ እርምጃ ነበር። በጎ አድራጊ ሲደክመው ይተዋል፣ በጀት ግን በየዓመቱ ሊጠየቅበት ይችላል።

የ2025ቱ ድምፅ የተሰጠበት ጊዜ የራሱ ክብደት ነበረው። የፌዴራሉ መንግሥት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ኖቬምበር 1 ላይ የፉድ ስታምፕ ክፍያ ቀጥ አለ። ምርጫው ኖቬምበር 4 ነው። ሰው የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በሞላባቸው ቀናት ስለ ባዶ የፉድ ስታምፕ ካርድና ስለ ረዘመው የፉድ ባንክ ሰልፍ ይወራ ነበር። ሁለቱም ጥያቄዎች አለፉ፤ ኤምኤም 58 በመቶ ገደማ አገኘ፣ ኤልኤልም ከዚያ በላይ። አዲሱ ገንዘብ መጀመሪያ ለምግቡ ይውላል። ተገፍተው የቆዩት የወጥ ቤት ሠራተኞች ድጎማና የገበሬዎቹ ግዢም ከዚሁ ይከፈላል። ከተረፈ ስቴቱ ለፉድ ስታምፕ ሊያውለው ይችላል።

ቀጣዩ አደጋ ከዚሁ ከፉድ ስታምፕ ነው የሚመጣው። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ሬፊዩጂዎችንና ጥገኝነት የተፈቀደላቸውን ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። በኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ስንት ቤት እንደሚነካ ለማናችንም ግልጽ ነው። ቤተሰቡ ከስናፕ ሲወጣ ልጁ ከመዝገብ በቀጥታ የሚለይበት አንዱ መንገድ ይዘጋል። የቅድሙን ትምህርት ቤት አስቡ። ከ200ዎቹ 50 ልጆች ቢወጡ መቶኛው ከ40 ወደ 30 ይወርዳል። በ1.6 ሲባዛ 48 ነው። ከመቶ ምሳ የ16ቱ ሂሳብ ከዋሽንግተን ወደ ኮሎራዶ ተሻገረ ማለት ነው። ይህ ቆጠራ በየአራት ዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። 95 ሚሊዮኑ ሲሰላ ግን ይህ መግባት አለበት።

ምግብና ጤና በአንድ ቋት አይደጎሙም። ለትምህርት ቤት ነርሶችና አማካሪዎች የሚሰጠው የስቴቱ ድጋፍ አንዱ ምንጭ የማሪዋና ግብር ነው። ከ2021 ጀምሮ «አይ ማተር» የሚባል ፕሮግራም ለታዳጊዎች እስከ ስድስት ጊዜ በነፃ ከአማካሪ ጋር ያገናኛል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ብዙ ወላጆቻችንም አልሰሙትም። ግን የማሪዋናው ግብር ገበያው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የልጅ ጤና በዚያ ላይ መንጠልጠሉ አያስተማምንም።

ለኛ ወላጆች ሁለት ተግባራዊ ነገር ላንሳ። አንደኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ «ልጄ ምሳ አይበላም» ብለው ጭራሽ የሚያስቀሩ አሉ። በፌዴራሉ ደንብ ምሳው አምስት ክፍል አለው፤ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ወተት። ሃይስኩል ላይ ተማሪው አምስቱንም ውሰድ አይባልም። ሦስቱን ካነሳ፣ ከነዚያ አንዱም አትክልት ወይም ፍራፍሬ ከሆነ ምሳው ተቆጥሯል። በታችኛው ክፍል ይህን መፍቀድ ለዲስትሪክቱ የተተወ ነው። ስለዚህ ወተቱንና ሥጋውን ትቶ ባቄላ፣ ሩዝና ፖም ይዞ መቀመጥ ይችላል። ሐላል ለሚበላም ያው ነው። የትምህርት ቤቱን የምግብ ኃላፊ አንድ ጊዜ ማነጋገር ነው።

ሁለተኛው ፎርሙ ነው። ምግቡ ነፃ ቢሆንም ሙሉት። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ አይጠይቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች ይጠይቃል፤ የሌለው ሰው የለኝም የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ያልፋል። የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ያዘጋጀው ናሙና ፎርም በአማርኛም ተተርጉሟል። ትምህርት ቤቱ የሰጣችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የአማርኛውን ስጡኝ በሉ።